ቋንቋውንና መልእክት አመላላሹን ለየብቻ በጀት አትያዙላቸው

ግልጽ ደብዳቤ

ለከፍተኛ አቅም ስሌት ምርምር ገንዘብ ለሚመድቡ ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም ሱፐር ኮምፒውተር ገዝተው ለሚያስተዳድሩ ማዕከላት

ጉዳዩ፦ የትይዩ ፕሮግራም ቋንቋዎችና የኮሙኒኬሽን ሶፍትዌር ምርምር በአንድ ላይ እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ ኮምፓይለር (የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉም)፣ ራንታይም (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ከሥሩ የሚያገለግለው የቋንቋው ሶፍትዌር) እና የመልእክት ላይብረሪ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምርምር ጥሪዎች ሲወጡ አንድ የተለመደ አከፋፈል እናያለን፤ የፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ርዕስ፣ ኖዶችን (ሱፐር ኮምፒውተሩ የተሠራባቸውን ነጠላ ኮምፒውተሮች) የሚያገናኘው ኔትወርክና ሶፍትዌሩ በሌላ ርዕስ። ገምጋሚው ሌላ፣ የጊዜ ገደቡ ሌላ፣ ገንዘቡም ሌላ ነው። የምንጠይቃችሁ ይህን አከፋፈል እንድታስቀሩት ነው። ምክንያታችንን በቁጥርና በምሳሌ እናስረዳለን፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሂሳቡ እንነሳ። ዛሬ በትልልቅ ማሽኖች ላይ አንዲት 8 ባይት መልእክት ከአንድ ኖድ ተነስታ ሌላው ኖድ ሜሞሪ እስክትደርስ ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅባታል። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን 2 ማይክሮ ሰከንድ በ3 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የስሌት ክፍል) 6,000 ዑደት ነው። በሰከንድ 200 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ የኔትወርክ ካርድ ደግሞ በዚያችው ጊዜ ውስጥ 50,000 ባይት ያሻግራል። ስለዚህ ከ50,000 ባይት ያነሰ መልእክት ሁሉ ለጭነቱ ከሚከፍለው ይልቅ ለመነሻው የሚከፍለው ይበልጣል።

አሁን አንድ የተለመደ ስሌት እንውሰድ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ (ጎን ለጎን ከሚሮጡት የፕሮግራሙ ቅጂዎች አንዱ) በሦስቱም አቅጣጫ 100 ነጥብ ያለው ኪዩብ ይዟል፤ በየእርምጃው ከጎረቤቱ አንድ ገጽ፣ ማለትም 10,000 ቁጥር ይፈልጋል። አንዱ ቁጥር 8 ባይት ከሆነ ገጹ 80,000 ባይት ነው። በአንድ መልእክት ከተላከ መነሻው 2፣ ጉዞው 3.2፣ በድምሩ 5.2 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል። የሩቁን ሜሞሪ እንደ ራስ ሜሞሪ ማንበብ በሚፈቅድ ቋንቋ ያንኑ ገጽ በሁለት መስመር ሉፕ (ተደጋጋሚ ትእዛዝ) እንጻፈው እንበል። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ንባብ ለብቻው ከላከው 10,000 ጥያቄ ይሆናል። የአንዱ ጥያቄ ደርሶ መልስ 2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው ብለን በለጋስነት ብንገምት እንኳ ድምሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ልዩነቱ ወደ 4,000 እጥፍ ይጠጋል። ፕሮግራሙ ላይ ግን ምንም ስህተት አይታይም፤ መልሱም ትክክል ነው፤ ማሽኑ ብቻ ይንቀራፈፋል።

ይህን ልዩነት ማጥፋት የሁለት ወገን ሥራ ነው። ኮምፓይለሩ ሉፑ እየሠራ ሳለ ያንን ገጽ ሌላ ማንም እንደማይጽፍበት ማረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም የቋንቋው የሜሞሪ ሕግ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ከዚያ 10,000ውን ንባብ ወደ አንድ ጥያቄ ይሰበስባል። የሚነበበው ቦታ በሌላ አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር የሚወሰን ከሆነ ግን (በግራፍ ስሌትና ቅርጹ ባልተስተካከለ መረብ ላይ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው) ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት የሚያውቀው ነገር የለም። ያኔ ሥራውን ለሁለት መክፈል ግድ ይላል። በመጀመሪያው ዙር የሚፈለጉት ቦታዎች ተለቅመው በባለቤታቸው ይደረደራሉ፤ የተደጋገሙት ይወገዳሉ፤ ለእያንዳንዱ ባለቤት አንድ ዝርዝር ይላካል። በሁለተኛው ዙር የመጣው መረጃ ላይ ስሌቱ ይሠራል። የመጀመሪያው ዙር ውድ ነው፤ ዝርዝሩ ካልተለወጠ ግን ለሺህ እርምጃ ሊያገለግል ይችላል። ዝርዝሩ አለመለወጡን የሚያውቀው ቋንቋው ነው። አንድ ጥቅል ስንት ባይት ሲሞላ ቢላክ እንደሚሻልና ስንት ጥቅል በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቀው ደግሞ የመልእክት ላይብረሪው ነው። አንዱ ለሌላው የሚነግርበት መስኮት ከሌለ ሁለቱም በግምት ይሠራሉ፤ ግምቱም ማሽኑ በተቀየረ ቁጥር ይከሽፋል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፍጥነት ነው። የባሰው ግን የተሳሳተ መልስ ነው፤ እዚህም የቋንቋና የመልእክት መለያየት ያመጣው ጣጣ በደንብ የታወቀ ነው። ፎርትራን በተባለው የሳይንስ ስሌት ቋንቋ ውስጥ ከአሬይ ላይ አንድ እየዘለሉ የተወሰደ ቁራጭን ለማያስጠብቅ (መልእክቱ ሳይደርስ ለሚመለስ) የተቀባይ ጥሪ ብትሰጡት፣ ኮምፓይለሩ ቁራጩን ወደ ጊዜያዊ ተከታታይ ቦታ ሊገለብጠው ይችላል። ጥሪው ወዲያው ይመለሳል፤ ጊዜያዊው ቦታ ወደ አሬዩ ተመልሶ ይገለበጥና ይለቀቃል። መልእክቱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚጻፈውም በተለቀቀው ቦታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ አንዳንዴ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ሌላም አለ። መልእክቱ እስኪያልቅ የሚያስቆመው የመጠበቂያ ጥሪ ባፈሩን (መልእክቱ የሚያርፍበትን ሜሞሪ) በስም ስለማይጠራው ኮምፓይለሩ የባፈሩን ንባብ ከመጠበቂያው በፊት ሊያደርገው መብት አለው። በኮምፓይለሩም በላይብረሪውም ላይ ጥፋት የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሕግ አክብሯል። መፍትሔው የተገኘው የፎርትራን ኮሚቴና የኤምፒአይ (በፕሮሰሶች መካከል መልእክት የመለዋወጫው ስታንዳርድ) መድረክ አብረው ሲሠሩ ነው። በ2012 ቋንቋው ተጨማሪ ደንብ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ኤምፒአይ 3.0 ደግሞ ያንን ደንብ የሚጠቀም አዲስ የፎርትራን ሞጁል ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ኤምፒአይ የወጣው በ1994 መሆኑን ስታስቡ፣ ተለያይቶ መሥራት ምን ያህል ዓመት እንዳስከፈለ ይገባችኋል።

ሜሞሪውን ራሱ በሚያጸዳ ቋንቋ ላይም መልኩን የቀየረ ያው ችግር አለ። የኔትወርክ ካርዱ በቀጥታ የሚጽፍበት ባፈር፣ ከፕሮግራሙ በኩል የሚጠራው ተለዋዋጭ ከሌለ፣ በጽዳት ሊወሰድ ይችላል። ጥሩ የጁሊያና የፓይተን ማያያዣዎች (ቋንቋውን ከመልእክት ላይብረሪው ጋር የሚያገናኙት) ጥያቄው እስኪያልቅ ባፈሩን አጥብቀው የሚይዙት ለዚህ ነው። ከታች ባለው ንብርብር ደግሞ ካርዱ የሚያውቀው የተመዘገበና ከቦታው እንዳይነሳ የታሰረ ሜሞሪ ብቻ ነው። ምዝገባው ውድ ስለሆነ ላይብረሪዎች የተመዘገበውን ለቀጣይ ጊዜ ያስቀምጡታል። ፕሮግራሙ ያንን ሜሞሪ ለሲስተሙ መልሶ እንደገና በዚያው አድራሻ ሌላ ቢሰጠው፣ በአሮጌው ምዝገባ የተላከ መረጃ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይሄዳል። ላይብረሪዎች ይህን ለመከላከል የሜሞሪ መልቀቂያ ጥሪዎችን ይጠልፋሉ፤ ጠለፋው ከቋንቋው የራሱ ሜሞሪ አከፋፋይ ጋር ሲጋጭ ይበላሻል። የጋራ ሜሞሪውን ሲነሳ አንድ ጊዜ አስመዝግቦ ከዚያ ውስጥ የሚያድል ራንታይም ግን ይህን ጣጣ ከሥሩ ያስቀረዋል። ይህ እንዲሆን ራንታይሙን የሚጽፈውና ካርዱን የሚያውቀው ሰው አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

ስለ መደራረብም ጥቂት እንበል፤ በማመልከቻዎች ውስጥ ከሚጻፉ ተስፋዎች ሁሉ በብዛት ባዶ ሆኖ የሚገኘው ይህ ነው። «ስሌቱና መልእክቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ» ይባላል። ትንሽ መልእክትን ላይብረሪው ሳይጠይቅ ይልከዋል። ትልቁን ግን መጀመሪያ ተቀባዩ ቦታ ማዘጋጀቱን ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሲመጣ ነው ጭነቱ የሚነሳው። ፈቃዱ ሲደርስ ላኪው ኮር ስሌት ውስጥ ከሆነና ወደ ላይብረሪው ካልገባ፣ የሚያየው የለም። 10 ሚሊ ሰከንድ ስሌት አልቆ ፕሮግራሙ የመጠበቂያውን ጥሪ ሲጠራ ያኔ መልእክቱ ገና ይነሳል። መደራረቡ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ይህን ለመፈተን ሦስት ልኬት ይበቃል፤ ስሌቱን ለብቻው፣ መልእክቱን ለብቻው፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ሦስተኛው የሁለቱ ድምር ከሆነ መደራረብ የለም። ከሁለቱ ከሚረዝመው ጋር ከተቀራረበ አለ። በዚህ ልኬት ያልተደገፈ ማመልከቻ ላይ «መደራረብ» የሚለውን ቃል ሰርዙት።

መፍትሔዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ዋጋ አላቸው። ለመልእክቱ ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ ክር (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) መመደብ ኮር ይበላል፣ መቆለፊያም ያመጣል። በስሌቱ መካከል የመፈተሻ ጥሪ መሰግሰግ ፕሮግራሙን ያቆሽሻል፤ ስንት ጊዜ መጠራት እንዳለበትም ከማሽን ማሽን ይለያያል። ሥራውን ለኔትወርክ ካርዱ መስጠት ከሁሉ ይሻላል፤ ካርዱ የሚችለው ግን የተወሰነ ዓይነት ብቻ ነው። እኛ በተለይ የምንወደው ሥራን በትንንሽ ክፍል የሚያከፋፍል ቋንቋ ነው፤ ራንታይሙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሸጋገር መልእክቱን ለቅጽበት ያያል፤ ፕሮግራመሩ ምንም አይጨምርም።

ተጨማሪ ክሮች የራሳቸው መዘዝ እንዳላቸው ግን አትርሱ። በ2003 በሎስ አላሞስ 8,192 ፕሮሰሰር በነበረው አስኪ ኪው ማሽን ላይ የተደረገው ምርመራ ዝነኛ ነው። ሴጅ የተባለው ፕሮግራም ከሚጠበቀው በታች ሲሠራ ምክንያቱ ኔትወርኩ ሳይሆን፣ በየኖዱ እየነቁ ኮር የሚቀሙ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራዎች ሆነው ተገኙ። የአንዱ ኖድ መዘግየት ሁሉም የሚጠባበቅበት የጋራ ስሌት ላይ ሲደርስ የሁሉም መዘግየት ይሆናል። እነዚያ ሥራዎች ሲቀነሱና ቦታቸው ሲስተካከል ፕሮግራሙ አንድ መስመር ሳይለወጥ ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ ጨመረ። የቋንቋ ራንታይም በየኖዱ የሚያስነሳው ክር እንዲሁ እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «ታዲያ ኤምፒአይ ምን አነሰው?» ቢል አንቆጣም። ቅርጹ ለተስተካከለ መረብ፣ ጎረቤቱ ለማይለወጥ ስሌት፣ በጥንቃቄ የተጻፈ የኤምፒአይ ፕሮግራም ዛሬም የሚበለጥ አይደለም፤ በዚያ ላይ የሚሠራን ቡድን ወደ አዲስ ቋንቋ እንዲሻገር አንመክርም። የቋንቋ ድጋፍ የሚያዋጣው መልእክቱ ጥቃቅን፣ አቅጣጫው የማይገመት፣ የሥራው ክብደትም የሚዋዥቅ ሲሆን ነው፤ ግራፍ፣ በየጊዜው የሚከፋፈል መረብ፣ ባዶው የሚበዛ ማትሪክስ መገጣጠም። እዚያ ላይ በእጅ የተጻፈው የኤምፒአይ ኮድ ለማንበብም ለመጠገንም የሚከብድ ይሆናል፤ ስህተቱም ተደብቆ ይቆያል። ሁለት ፕሮሰሶች ሁለቱም መጀመሪያ ልከው ከዚያ የሚቀበሉበት ኮድ በትንሽ መረብ ሲፈተን ያልፋል፤ መልእክቱ ላይብረሪው ሳይጠይቅ ከሚልከው መጠን ሲበልጥ ግን ሁለቱም ፈቃድ ሲጠባበቁ ይቆማሉ። በነገራችን ላይ መፈተኛው ቀላል ነው፤ መላኪያውን ሁሉ ለጊዜው በኤስሴንድ (ተቀባዩ መቀበል ሳይጀምር በማይመለሰው የኤምፒአይ መላኪያ) ተክታችሁ ፕሮግራሙን አስሩጡ፤ ከቆመ ድሮም ስህተት ነበረበት።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። ሃይ ፐርፎርማንስ ፎርትራን በ1993 ሲወጣ ፕሮግራመሩ የአሬዩን አከፋፈል ብቻ ይጽፋል፣ መልእክቱን ኮምፓይለሩ ያወጣል ተብሎ ነበር። ኮምፓይለሮቹ ገና አልደረሱም፤ ያልተስተካከለ አከፋፈልንም የመጀመሪያው ስታንዳርድ አይዝም ነበር። አንዱ ኮምፓይለር ላይ የሚፈጥን ኮድ ሌላው ላይ ይጎተታል፤ ለምን እንደሆነም ፕሮግራመሩ የሚያይበት መንገድ አልነበረም። ሰው ወደ ኤምፒአይ ሄደ። በ2002 ግን ጃፓን ውስጥ ኧርዝ ሲሙሌተር ላይ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ የፊውዥን ፈሳሽ ስሌት በሰከንድ 14.9 ትሪሊዮን ስሌት አድርሶ በከፍተኛ አቅም ስሌት የታወቀውን የጎርደን ቤል ሽልማት አገኘ። ቋንቋው ሲደርስ ተጠቃሚው ሄዷል። በ2002 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ በጀመረው ፕሮግራም የተወለዱት ቋንቋዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የሰን ፎርትሬስ በ2012 ተዘጋ፣ የክሬይ ቻፕል ግን ሥራው ሳይቋረጥ ቀጥሎ 2.0 የደረሰው በ2024 ነው። ኮአሬይ (የሌላውን ፕሮሰስ አሬይ በቀጥታ ማንበብና መጻፍ የሚያስችለው) በፎርትራን ላይ በ1998 ታቅዶ በስታንዳርድ ውስጥ የታተመው በ2010 ነው። በሦስት ዓመት በጀት እንዲህ ያለ ሥራ አያልቅም። የሚያልቀው ጽሑፉ ብቻ ነው።

የተሳካውንም ተመልከቱ። በበርክሊ የተሠራው ጋስኔት የተባለ የኮሙኒኬሽን ንብርብር የአንድ ቋንቋ አካል ሆኖ አልቀረም፤ ዩፒሲን፣ ታይታኒየምን፣ የኮአሬይ ፎርትራን ሥራዎችን፣ ቻፕልን፣ ሊጅንን የመሳሰሉ የትይዩ ቋንቋዎችንና ሲስተሞችን አገልግሏል። ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉትን ዝርዝር ይዘው ቀርበው፣ ካርዱን የሚያውቁ ሰዎች ያንን በየኔትወርኩ ላይ ስለተገበሩ ነው። ከቋንቋዎቹ አንዳንዶቹ መጥተው ሄዱ፤ ንብርብሩ ግን ጸንቶ ቀረ። ገንዘባችሁ ዕድሜ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ የሚቀመጥበት ቦታ ይህ ነው።

እንግዲህ በጥሪዎቻችሁ ላይ እንዲገቡ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አመልካቹ ቡድን ውስጥ ኮምፓይለር የሚያውቅና የኔትወርክ ካርድ የሚያውቅ ሰው ሁለቱም ይኑሩ፤ በደጋፊ ደብዳቤ ሳይሆን በደመወዝ። የሚሠራው ቋንቋ ለእያንዳንዱ የኮድ መስመር ስንት መልእክትና ስንት ባይት እንደወጣ የሚያሳይ ሪፖርት ያውጣ። ይህ ብቻውን ያንን 4,000 እጥፍ በአንድ እይታ ያጋልጠዋል። ንጽጽሩ በደንብ ከተስተካከለ የኤምፒአይ ኮድ ጋር ይሁን፤ በችኮላ ከተጻፈ ጋር አይደለም። ልኬቱም ሁለት ኮር ብቻቸውን ኳስ የሚቀባበሉበት አይሁን፤ የኖዱ ኮሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲልኩ በሰከንድ ስንት መልእክት እንደሚያልፍ፣ እንዲሁም መካከለኛውን ብቻ ሳይሆን ከመቶ 99ኛውን መዘግየት (ከ100 መልእክት 99ኙ የማያልፉትን) ይጻፍ።

የሜሞሪ ሂሳብም ይጠየቅ። ለእያንዳንዱ ጓደኛ ፕሮሰስ 64 ኪሎባይት ባፈር የሚይዝ ንድፍ በ100 ፕሮሰስ ማንም አያየውም፤ በ100,000 ፕሮሰስ ግን ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ 6.5 ጊጋባይት ይሆናል።

አዲሱ ራንታይም ከኤምፒአይ ጋር በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ መኖሩ ይፈተን፤ ነባር ላይብረሪዎችን ጥሎ የሚመጣ ተጠቃሚ የለምና። የሚፈጠረው እክል እንዲህ ነው፦ አንዱ ፕሮሰስ የኤምፒአይ መገናኛ አጥር ላይ ቆሞ ሌሎቹን ይጠብቃል። ሌላው ከእሱ የአዲሱን ራንታይም መልስ ይጠብቃል። የቆመው የሚያንቀሳቅሰው ኤምፒአይን ብቻ ስለሆነ መልሱ አይወጣም፤ ሁለቱም ይቀራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ መጨረስ ያድናል፤ ፍጥነት ግን ይቀንሳል። የተሻለው አንዱ ራንታይም ሲጠብቅ ሌላውንም የሚቀሰቅስበት የጋራ በር ነው፤ ይህ ገና ምርምር የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

ጂፒዩ (ከዋናው ፕሮሰሰር ጎን ስሌት የሚያፋጥነው የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ላይም ተመሳሳይ ሥራ ይቀራል። ጂፒዩው የተሰጠውን ስሌት ሳይጨርስ ፕሮሰሰሩ መላኪያውን ከጠራ አሮጌ ቁጥር ይሄዳል። በየጊዜው ማስጠበቅ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ያዘገያል። መልእክቱ በጂፒዩው ተራ ውስጥ ራሱ ተሰልፎ እንዲነሳ ማድረግ የቋንቋውንም የካርዱንም ሕግ ይነካል።

ማሽን ስትገዙ ደግሞ ውሉ ላይ የሚጻፉ ጥቂት ነገሮች አሉ። የኔትወርኩ ዝቅተኛ በይነገጽ በሊብፋብሪክ ወይም በዩሲኤክስ (ካርዱን ለላይኛው ሶፍትዌር በሚያቀርቡት ክፍት ላይብረሪዎች) በኩል ክፍትና በሰነድ የተደገፈ ይሁን። የካርዱን ቆጣሪዎች ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ይቻለው፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ እነሱ ደግሞ መጨናነቅን ከሶፍትዌር ጥፋት መለየት አይቻልም። በ2025 የወጣው ኤምፒአይ 5.0 የያዘው የጋራ የባይነሪ ስታንዳርድም (አንድ ጊዜ የተተረጎመ ፕሮግራም በተለያዩ የኤምፒአይ ላይብረሪዎች ላይ እንዲሮጥ የሚያስችለው) ይጠየቅ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ የታወቁ የኤምፒአይ ላይብረሪዎች ስለሚለያዩ፣ ማለትም ኤምፒች ላይ መለያው ተራ ቁጥር፣ ኦፕን ኤምፒአይ ላይ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ስለነበረ የረስትም የጁሊያም የፓይተንም ማያያዣ ለሁለቱም ለየብቻ መዘጋጀት ነበረበት። ያ ሥራ ከእንግዲህ መደገም የለበትም።

የጥገና ገንዘብ ለብቻው ይያዝ፤ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ በየዓመቱ እየተገመገመ። ከማሽኑ ላይ ደግሞ በየሌሊቱ 4 ኖድ ለአንድ ሰዓት፣ በወር አንድ ጊዜ 256 ኖድ ለሁለት ሰዓት ለራስ ሰር ፈተና ይመደብ። በዓመት 1,460 እና 6,144፣ በድምሩ 7,604 የኖድ ሰዓት ነው። 5,000 ኖድ ላለው ማዕከል ይህ ከመላው ማሽን የሁለት ሰዓት ሥራ ያነሰ ነው። የምንጠይቀው ቅድሚያውን ነው፤ የሌሊቱ ፈተና ሦስት ቀን ተራ የሚጠብቅ ከሆነ የትኛው ለውጥ ምን እንዳበላሸ መለየት አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣

የትይዩ ስሌት ኮምፓይለር፣ ራንታይምና የመልእክት ላይብረሪ ባለሙያዎች